«ቆማጣ ነኝ» ያልሁባቸው ዓመታት

ቀኝ ጭኔ ላይ የወጣችው ምልክት ስትጀምር ከስሙኒ አትበልጥም ነበር። ዙሪያዋ ቀላ ያለ፣ መካከሏ ነጣ ያለ። አታሳክክም፣ አታቃጥልም፣ አትመግልም። ሰው የሚያመውን ነገር ይዞ ሐኪም ቤት ይሮጣል፤ የማያመውን ይዞ የሚሮጥ ግን የለም። እኔም አልሮጥሁም። እንግዲህ ገላው ላይ የደነዘዘ ቦታ ይዞ «ይሄስ ምንም አይደል» የሚል ሰው ካለ፣ ይህን የምጽፈው አስቀድሜ ለእሱ ነው። ቀጥሎ ደግሞ በሽታው ከለቀቀው በኋላ እንኳ ራሱን በበሽታው ስም ለሚጠራ ሰው ነው። ሁለቱንም ሆኜ አይቸዋለሁ።

ስሜ እናኑ ይባላል። የተወለድሁት ከጉና ተራራ ሥር፣ ከገብስና ከድንች ሌላ እምብዛም በማይበቅልበት ብርዳም አገር ነው። የምነግራችሁ በደርግ ዘመን የሆነውን ነው። በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ባልና ልጅ ይዤ እኖር ነበር። ባሌ ተገኘ የቀበሌያችን የቅስቀሳ ኃላፊ ነው፤ እኔ በቀበሌው የሴቶች ማኅበር የስፌት ክፍል እሠራለሁ። እሱ መፈክር ያወጣል፤ እኔ ፊደሉን ከነጭ አቡጀዲ እየቆረጥሁ በቀይ ጨርቅ ላይ እሰፋለሁ። ልጃችን ብርቱካን ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር።

ተገኘ የቃል ሰው ነበር። ቃሉን ይጠብቃል ማለቴ አይደለም፤ ለሰው ስም ማውጣት ይችልበታል ማለቴ ነው። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ጠጅ የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «አድኃሪ» አላቸው። አልታሰሩም፣ አልተደበደቡም። ሰው ብቻ ሰላምታ ነሣቸው። ብዙም ሳይቆይ እኒያ ደረታቸውን ነፍተው የሚሄዱ ሰውዬ አጥር አጥሩን መሄድ፣ ሲጠሯቸው መደንገጥ፣ ሳይጠየቁ «እኔ ምንም አላልሁም» ማለት ጀመሩ።

«ምን ነካቸው?» ብዬ ተገኘን ብጠይቀው ሳቀና «ስማቸው ደረሰባቸው» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ምልክቷ እያደር ሰፋች፤ ጀርባዬ ላይም ሌላ ወጣ። ከዚያ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ታጥፋ አልዘረጋ አለች። አንድ ቀን ለበዓል የታዘዘ ትልቅ ጨርቅ በስፌት መኪናው ስሰፋ አጠገቤ የነበረችው ሴት ጮኸች። ዝቅ ብዬ ባይ መርፌው ጣቴን በስቶ ወጥቷል፤ ነጩ ፊደል በደም ርሷል። እኔ የሰማሁት ጩኸቷን ብቻ ነው።

ሐኪም ቤት መመላለስ ያኔ ጀመርሁ። መጀመሪያ ያየኝ ድሬሰር ጭኔን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ቋቁቻ ነው» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ቅባቱ ሲያልቅ ሌላው «ችፌ ነው» አለኝ። ሦስተኛው «የደም ማነስ ነው፤ ነርቭሽ ደክሟል» ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። ክንዴን ሲወጋኝ ፊቴን ስለማላጨማድድ «ጎበዝ ነሽ፣ እንዳንቺ ያለ በሽተኛ ነው የምወድ» ይለኝ ነበር። እኔም ጉብዝና መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። የጤና ጣቢያው አግዳሚ ጠዋት ጠዋት በሰው ይሞላል፤ ከእስቴ ልጇን ይዛ የምትመላለስ አንዲት ሴት ግን ሁልጊዜ ጠጋ ብላ ቦታ ትሰጠኝ ነበር። ትከሻችን ተነካክቶ ስለ በጋውና ስለ ኑሮው እናወራለን። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት ከሰው ትከሻ ጋር ተነካክቼ አልተቀመጥሁም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ መልኳ ግን እስከ ዛሬ አለ።

በመጨረሻ ተገኘ ራሱ ሐኪም ሆነና «ሪህ ነው፤ ወንዛዬ ሄደሽ ፍል ውኃ ግቢ» አለኝ። ስንቅ ቋጥሬ ሄድሁ።

ወንዛዬ ሴቶች በሚታጠቡበት በኩል ብዙ ሰው ነበር። ሙቁ ውኃ ውስጥ ተቀምጠን ስንጫወት ዋልን። አንዷ ስለ አማቷ ትቀልዳለች፤ እኛ እንስቃለን። በመካከሉ አንዲት ልጅ እግር ሴት ውኃውን እያየች «ደም!» አለች። ሁሉም እየተነሡ ራሳቸውን አዩ። እኔም ተነሣሁ። ደሙ ከእኔ ነበር። ተረከዜ ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ ገብቶ ቆሟል፤ ስንት ጊዜ እንደረገጥሁበት እግዚአብሔር ይወቀው።

«አያምሽም?» አለችኝ ያችው ልጅ።

«አያመኝም» አልኋት፤ እውነቴን።

ከወዲያ ጥግ የነበሩ ሴትዮ ቀረብ ብለው አስተዋሉኝ። እግሬን፣ የታጠፈችውን ጣቴን፣ ከዚያ ቅንድቤን። ቅንድቤ መሳሳቱን እኔ ልብ አላልሁትም ነበር። ሴትዮዋ አማተቡ።

«ወይ እመቤቴ! ይች ቆማጣ ናት እኮ!»

ውኃው ውስጥ አንድም ሰው አልቀረ። ልብሳቸውን እያነሡ ሲሮጡ ያችው ስለ አማቷ ስትቀልድ የነበረችው ወደ ኋላ ዞራ ምራቋን ተፋች። ስባሪውን ራሴ ነቀልሁት።

ደብረ ታቦር ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ተገኘ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ብርቱካን ከኋላው ሆና እጁን ይዛለች።

«እዚያው ቁሚ» አለኝ። «ልጄን እንዳትነኪያት።»

«ተገኘ፣ ገና እኮ ሐኪም አላየኝም።»

«ሕዝብ አይቶሻል። ይበቃል።»

«እናቴ!» ብላ ልትመጣ ስትል ክንዷን ጎትቶ ወደ ቤት አስገባትና በሩን ዘጋው። ያመመኝ ያ ነው። ገላዬ ሲደነዝዝ ሌላው ነገር አብሮ አልደነዘዘም ነበርና።

ወንድሜ ሞላ ሰምቶ ከጉና ሥር በእግሩ መጣ። ገበሬ ነው፤ ብዙ አይናገርም። የሴቶች ማኅበሩ ግቢ አጥር ሥር ተቀምጬ አገኘኝ።

«ቆማጣ ይሉኛል፣ ሞላ» አልሁት።

«የሚሉሽን ተያቸው። እግርሽን አሳዪኝ።»

እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አየው። ያንለታ ማንም ሊነካኝ አልደፈረም ነበር። በሳምንቱ ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቹ አንዱን ሸጠ። በቀረው በአንዱ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ሊያርስ ተስማማና በጭነት መኪና አሳፍሮ ከባሕር ዳር ማዶ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ወሰደኝ።

እዚያ ያየኝ ሐኪም ወጣት ነበር። «ዓይንሽን ጨፍኚ። በጥጥ ስነካሽ የነካሁሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ» አለኝ። ጨፍኜ ጠበቅሁ። ቆየ። አሁንም ጠበቅሁ።

«ኧረ ይጀምሩ» አልሁት።

«ጨርሻለሁ» አለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ጥጡን እያስቀመጠ ነበር። «የሥጋ ደዌ ነው። ዘር አይደለም፣ እርግማን አይደለም፤ ተሕዋስ ነው። መድኃኒቱን ከጨረስሽ ትድኛለሽ» አለኝ። ሞላ «ተመስገን!» ብሎ መሬት ሳመ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመን፣ እሱ «ትድኛለሽ» የሚለውን ይዞ ሄደ፤ እኔ «ሥጋ ደዌ» የሚለውን ይዤ አልጋ ያዝሁ።

መድኃኒቱ ከባድ ነበር። አንደኛው ሽንቴን ቀይ ያደርገዋል፤ ሌላው ቆዳዬን ጥላሸት የተቀባ አስመሰለው። ክርኔ ሥር ያለው ጅማት አብጦ ሌት ተቀን ሲወጋኝ ከረመ። «እጄ ቢሽመደመድስ? ዓይኔ ቢጠፋስ? ብርቱካን ብትረሳኝስ?» እያልሁ ስገላበጥ አድራለሁ። ከጎኔ የተኛችው ከሊቦ የመጣች ሴት ማልቀሴን ስትሰማ ምንም ሳትል ጋቢዋን አውጥታ ትደርብልኝ ነበር።

እትዬ ወርቄን ያገኘኋት በዚያ ወራት ነው። ከሆስፒታሉ አጥር ውጪ ጎጆ ቀልሳ የምትኖር፣ ከብዙ ዓመት በፊት የዳነች የፎገራ ሴት ናት። ጣቶቿ አልቀዋል። በየበዓሉ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትለምናለች፤ በሌላው ቀን እኛ ዘንድ እየመጣች ስታሳቀን ትውላለች። ቀልደኛ ናት፤ ያላትን ሁሉ ታካፍላለች። አንድ ቀን ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ ደረሰችብኝ።

«ባልሽ ምን ብሎ ሰደደሽ?»

«ቆማጣ ብሎ።»

«እሱ ሳይልሽ ቀድመሽ አትይውም ነበር? እኔን እዪኝ። ‹ለቆማጣ ስለ እግዚአብሔር› ብዬ ነው የምጀምር። ከዚያ በላይ ማን ምን ሊለኝ ነው? የሚወጉሽን ጦር አንቺ ከያዝሽው እነሱ ባዶ እጃቸውን ነው የሚቆሙ።»

ጣፈጠኝ። በማግሥቱ ከግቢው ውጪ ያለው የውኃ ቧንቧ ላይ ሰልፍ ነበር። የከተማው ሴቶች እኔን አይተው ሲያንሾካሹኩ «አዎ፣ ቆማጣ ነኝ! ዘወር በሉ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። ተበተኑ። እንስራዬን ሞልቼ እየሳቅሁ ተመለስሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ኃይል ተሰምቶኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳ «እናኑ፣ ቆማጣዋ» እል ነበር። ጸሎት ላይ «ለእኔ ለቆማጣዋ» እላለሁ። ብቻዬን ሆኜ ራሴን ስቆጣ «አንቺ ቆማጣ» እላለሁ። መጀመሪያ ለሰው ያልሁት ነበር፤ በኋላ ሰው በሌለበትም ቀጠለ።

መድኃኒቱን የጨረስሁ ዕለት ሐኪሙ «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሽታው የለብሽም። ቤትሽ ግቢ» አለኝ። ሞላም በቅሎ ተውሶ ሊወስደኝ መጣ።

«ተነሽ፣ እንሂድ» አለኝ።

«የት? ቆማጣ ይዘህ አገር ልትገባ?»

«ድናለች ብለውኛል።»

«እነሱ ይበሉ። ቆማጣ ቆማጣ ነው።»

የበቅሎዋን ልጓም አጠበቀ። «እናኑ፣ እኔ ብየሽ አላውቅም። ይህን ቃል ከማንም አፍ ይበልጥ የሰማሁት ካንቺ አፍ ነው» አለኝ። አጨዳ ደርሶበት ነበርና ባዶ በቅሎ እየጎተተ ተመለሰ። እኔ ወርቄ ጎጆ ገባሁ።

አሁን የምናገረውን የታመመ ሰው ሁሉ ልብ ብሎ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ። ይህ በሽታ ቢድንም የሞተው ስሜት አይመለስም። ስለዚህ እግርን በየቀኑ ዘፍዝፎ፣ ውስጡን ገልብጦ ማየት፣ ቅባት መቀባት፣ በባዶ እግር አለመሄድ ግድ ነው። ሆስፒታል ሳለሁ ቁስል የሚያጥበው አቶ ደሳለኝ የሚባል ነጭናጫ ድሬሰር በግድ ያሠራን ነበር። ወርቄ ጎጆ ግን የሚያስገድድ የለም። አንድ ቀን ዘለልሁ። ከዚያ ሳምንቱን። «የቆማጣ እግር ደግሞ ምኑ ይታያል!» ብዬ ተውሁት።

የባሕር ዛፍ ጉቶ ወግቶኝ ኖሯል። የነገረኝ ሽታው ነው። ሆስፒታል ስወሰድ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ስለነበር ሁለት ጣቶቼን ቆረጧቸው። አቶ ደሳለኝ ፋሻዬን የቀየረው ተቆጥቶ ነበር።

«እነዚህን ጣቶች በሽታው አልበላቸውም» አለኝ። «በሽታሽ ከሞተ ቆየ።»

«ታዲያ ማን በላቸው?»

«ለምንድን ነው ያላየሻቸው? እሱን ንገሪኝ! ዓይን አለሽ፣ እጅ አለሽ፤ ለምን አላየሻቸውም?»

ልመልስለት አፌን ከፈትሁ። የመጣልኝ መልስ ያው ነበር፤ «የቆማጣ እግር ምኑ ይታያል» የሚለው። ግማሹን ብዬ ተውሁት። ቃሉ ከራሴ አፍ ሲወጣ የሰማሁት ገና ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወርቄ አንድ ፍሬ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ፋሻውን አይታ ከልቧ ደስ አላት።

«እሰይ! አሁን ሙሉ ሆንሽ። እስካሁን ብትለምኚ እኮ ሰው ‹ምን ሆና ነው የምትለምን?› ይልሽ ነበር። ጥምቀት ላይ አብረን እንቀመጣለን።»

በክፋት አልነበረም። አጠገቧ ቦታ እያደላደለችልኝ ነበር። ብርቱካኑን በጥርሷ ልጣ ስታጎርሰኝ እጇን አየሁት። እሷንም ሐኪሞቹ ድነሻል ብለዋት ነበር፤ ያኔ ጣቶቿ እንዳልጠፉ ራሷ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ነው አንድ በአንድ ያለቁት፤ ቁስሉ ሲታከም ምጽዋቱ ስለሚቀንስ። በሽታው ሳይሆን ስሙ ነው የጨረሳት። ብርቱካኑ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን ተውሁት። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ምላሴ ለምዷል፤ አሁንም አሁንም ያመልጠኛል። ሲያመልጠኝ እንደ ገና እደግመዋለሁ፦ «ታምሜ ነበር። ድኛለሁ።» ወርቄ «ኮራሽብን!» ብላ አኮረፈችኝ። እግሬን ግን በየቀኑ አያለሁ። ኋላ እሷ ስትሞት «ቆማጣዋ ወርቄ» ተብላ ተቀበረች አሉ፤ የክርስትና ስሟን የሚያውቅ ስላልተገኘ።

እግሬ እንደ ቆመልኝ ደብረ ታቦር ገባሁ። ብርቱካንን ፍለጋ ነው። ያገኙኝ ጎረቤቶች አማተቡ፤ ሆስፒታል ገብታ ሞተች ተብዬ ኖሯል። ልጄም እናትሽ ሞታለች ተብላ ማቅ ለብሳ ነበር። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዘንድ ከሰስሁ። ሰብሳቢው እግሬን እንጂ ፊቴን አላየም።

«በሽታው አለብሽ ወይስ የለብሽም?»

«ነበረብኝ።»

ተገኘ ከመቀመጫው ተነሣ። ሰውነቱ ወፍሯል፤ ድምፁ ያው ነው። «ጓዶች፣ ‹ነበረ› የሚባል ቆማጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጅቱ ለጤናዋ ሲባል ከአባቷ ጋር ትቆይ ተባለ። ስወጣ ማንም በመተላለፊያው አልቆመም፤ መንገዱን ለቀቁልኝ። ያን ዕለት ወርቄ ያስተማረችኝ ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ብጮኸው ይበተኑልኝ ነበር። ዋጥሁት። ስለዋጥሁት ግን ማንም አላመሰገነኝም፤ ልጄንም አልሰጡኝም። ደህና ቃል ለራሳችሁ ብትናገሩ ዓለሙ ይስተካከልላችኋል ብዬ አልዋሻችሁም። ጣቶቼን አልመለሰልኝም። የቀሩትን ግን አትርፎልኛል።

አዲስ ዘመን ከተማ ወረድሁ። ጣራ ገዳም ለመሳለም የሚመጣ መንገደኛ የማይጠፋባት ገበያ ናት። የተቀደደ የእህል ጆንያ እየሰፋሁ መኖር ጀመርሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሳልደብቅ «ሥጋ ደዌ ታምሜ ነበር፤ ድኛለሁ» እላለሁ። ጆንያውን ነጥቆ የሄደ አለ። እዚያው ቁጭ ብሎ የጠበቀኝም አለ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ከእህል መኪና ላይ አንዲት ኮረዳ ወርዳ ደጄ ላይ ቆመች። አንገቷ የእናቴ አንገት ነው።

«እናኑ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አልሁ።

«አጎቴ ሞላ ነው እዚህ እንዳሉ የነገረኝ። አባባ ግን ሞተዋል ነበር ያለኝ።»

«አውቃለሁ።»

አልሳመችኝም። እኔም እጄን አልዘረጋሁም። እንደ ማንኛውም እንግዳ «ቁጭ በይ» አልኋት፤ አልተቀመጠችም። እግሬን የምዘፈዝፍበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ምን እንደማደርግ ስለጠፋኝ የየዕለት ሥራዬን ጀመርሁ። የጎማ ጫማዬን አወለቅሁ፤ እግሬን ነክሬ አወጣሁና ውስጡን በመስተዋት ስባሪ ማየት ጀመርሁ። እሷ ደፉ ላይ ቆማ ታያለች።

«ያምዎታል?» አለችኝ።

«አያመኝም። ክፉው እሱ ነው።»

ውጪ የገበያው ሰው ይጮኻል። ከዚያ ሳታስበው አንድ እግሯን ወደ ውስጥ አስገባችና ጎንበስ ብላ፣

«ካላመመሽ ታዲያ መቁሰሉን በምን ታውቂያለሽ?» አለች።

«አንቺ» ማለቷን እሷ ልብ አላለችም።

«በየቀኑ እያየሁት» አልኋት፤ እግሬ ላይ አቀርቅሬ።